የውሻ ዋስ

ሰው ከሚያደርጋቸው ውሳኔዎች አንዳንዶቹ ትንሽ መስለው ብዙ ኃላፊነት ያስከትላሉ። ለብዙ ዓመት ያለ እንስሳ የኖረ ሰው አንድ ቡችላ ወደ ግቢዬ ላስገባ ወይስ ይቅር ብሎ ሲያመነታ፥ ነገሩ ለተመልካች ቀላል ይመስላል። ፍርፋሪ ካለ፥ የአጥሩም በር ከተዘጋ ሌላ ምን ያስፈልጋል? ይባላል። ነገር ግን ጥያቄው በሚገባ ቢመረመር የሰውን ፍቅር፥ የጐረቤትን መብት፥ የአገርንም ሀብት የሚነካ ሆኖ ይገኛል። በተለይም ጥያቄው የተነሣው በደባርቅ ወይም በዳባት፥ ማለት በስሜን ተራራ ግርጌ እንደ ሆነ፥ መልሱ ከሌላ ቦታ ይልቅ ይከብዳል።

በወገራና በስሜን ገጠር ውሻ ጌጥ አይደለም። ሌሊት ጅብ ከበረት፥ ቀን ቀበሮ ከበግ፥ አዝመራ በደረሰም ጊዜ ጭላዳ ዝንጀሮ ከገብስ ማሳ እንዳይደርስ ከገበሬው ጋር ዘብ የሚቆም ሠራተኛ ነው። ደመወዙም ከማዕድ የሚተርፈው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ውል በጽሑፍ ያልሰፈረ ቢሆንም ከሁለቱም ወገን የታወቀ ነው፤ «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለውም ምሳሌ ይህንኑ ውል ይመሰክራል። ይሁን እንጂ ያው ሕዝብ የውሻን ታማኝነት እያመሰገነ ስሙን መልሶ ለስድብ ያውለዋል፤ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽርም ያባርረዋል። እንዲህ ሆኖ ውሻ በአገራችን በደጅና በቤት፥ በምስጋናና በንቀት መካከል ሲኖር ብዙ ዘመን አሳልፏል። በመጽሐፈ ጦቢት ጦብያ ከመልአኩ ጋር ሲጓዝ ውሻው ተከትሎት ነበር። በግሪኮችም ተረት አርጎስ የተባለው ውሻ ጌታውን ኦዲሴዩስን 20 ዓመት ጠብቆ፥ ጌታው የለማኝ ልብስ ለብሶ በተመለሰ ጊዜ ዐውቆት ሞተ። እንግዲህ የውሻ ታማኝነት በየአገሩ የተመሰከረ ነው። የሚያጠራጥረው የሰውየው ታማኝነት ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት እንዲመች፥ በደባርቅ የሚኖር አንድ መምህር አለ እንበል። በልጅነቱ ከውሻ ጋር አድጓል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ትምህርቱ፥ ሥራው፥ የኪራይ ቤቱም ኑሮ ስላልፈቀደለት ብዙ ዓመት ያለ ውሻ ኖረ። አሁን ልጆቹ ለትምህርት ወደ ጐንደርና ወደ አዲስ አበባ ሄደውበታል፤ ማታ ማታ ቤቱ ጭር ይላል። ጐረቤቱም «ውሻዬ ወልዳለችና አንዱን ውሰድ» ብሎታል። ይህ ሰው ምን ቢያደርግ ይሻላል?

እንቢ ለማለት ሁለት ምክንያቶች ይቀርቡለታል። አንደኛው ኀዘንን መፍራት ነው። ውሻ ብዙ ቢኖር ከ10 እስከ 15 ዓመት ነው፤ የለመዱትን እንስሳ መቅበር ደግሞ ልብን ይጐዳል። ነገር ግን ይህ ምክንያት ከተያዘ ወዳጅ ማፍራትም፥ ትዳር መያዝም፥ ልጅ መውለድም ሊቀር ነው። መለየት ይመጣል ብሎ ከመውደድ የሚሸሽ ሰው፥ ሞት ሳይመጣበት የሞትን ሥራ በገዛ እጁ ይሠራል። ስለዚህ ኀዘንን መፍራት ብቻውን በቂ ምክንያት አይሆንም።

ሁለተኛው ምክንያት ግን የበለጠ ይከብዳል። የተራበ ሕፃን ባለበት አገር እንጀራን ለውሻ መስጠት ተገቢ ነውን? ይላል። ለዚህ ጥያቄ በንቀት መልስ መስጠት አይገባም። ውሻውን ሥጋ እያበላ ለማኙን ከደጁ የሚያባርር ሰው ይወቀሳል። ዳሩ ግን በአልዓዛር ታሪክ እንደምናውቀው፥ ባለጠጋው ችላ ያለውን ድሃ ቍስሉን ይልሱለት የነበሩት ውሾች ናቸው። ባለጠጋው የተኰነነው ውሻ በማሳደጉ ሳይሆን ሰውን በመርሳቱ ነው። ለእንስሳ መራራት ለሰው ከሚገባው ርኅራኄ ላይ ተቀንሶ የሚሰጥ አይደለም፤ ደካማውን ማየት የለመደ ዓይን ሌላውንም ደካማ ያያል። መምህሩ የድሃውን ድርሻ እስካልነካ ድረስ በዚህ ምክንያት እንቢ ለማለት አይገደድም።

እሺ ለማለት ከሚቀርቡት ምክንያቶች ዋናው ብቸኝነት ነው። ይህም እውነተኛ ምክንያት ነው፤ የሚያሳፍርም አይደለም። ሆኖም ውሻን ለብቸኝነት መድኃኒት ብቻ አድርጎ መውሰድ አደጋ አለበት፤ የዳነ ሰው መድኃኒቱን ይጥላልና። ልጆቹ ሲመለሱ፥ ሥራው ሲበዛ ወይም ዝውውር ሲመጣ ውሻው ይረሳል። የዝውውር ነገር በተለይ የመንግሥት ሠራተኞችንና መምህራንን ይመለከታል። ዛሬ በደባርቅ የተመደበ ሠራተኛ የከርሞ ሰው ሌላ ወረዳ ነው። ዕቃው ሲጫን ወንበሩ ይጫናል፥ ድስቱ ይጫናል፤ ውሻው ግን ባዶ ግቢ ውስጥ ይቀራል። ጥቂት ቀን በሩን ይጠብቃል፤ ከዚያም ርኃብ ያስወጣዋል። ባለቤት የሌለው ውሻ ከሚባለው ብዙው አንድ ጊዜ ባለቤት የነበረው ነው።

እንግዲህ የውሳኔው መለኪያ መውደድ ወይም መፍራት ብቻ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? በአገራችን የታወቀ አንድ ቃል ይረዳናል፤ ይኸውም ዋስ ነው። ዋስ የሚሆን ሰው ስለ ሌላው ድርጊት በገዛ ራሱ ይገባል፤ ያ ሰው ቢያጠፋ «እኔ አላደረግሁም» ማለት አይችልም። ውሻም ስለ ራሱ ቃል ሊሰጥ፥ በዳኛ ፊት ሊቆም፥ ካሳ ሊከፍል አይችልምና፥ የሚያሳድገው ሰው ዋሱ ነው። ሕጋችንም ከዚሁ ዐሳብ ጋር ይስማማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2071 እንደ ደነገገው፥ እንስሳው በድንገት ከባለቤቱ እጅ ቢያመልጥና ጕዳቱም አስቀድሞ የማይታሰብ ቢሆን እንኳ ባለቤቱ ኃላፊ ነው። መምህሩም ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው «ውሻ እወዳለሁን?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «ዋስ ልሆን እችላለሁን?» ብሎ ነው። ይህም ዋስነት ለሦስት ወገን ነው።

የመጀመሪያው ለውሻው ለራሱ ነው። ውሻ ደስ ባለን ቀን ብቻ አይራብም። ጌታው 55 ቀን ዐቢይ ጾም ሲጾም ውሻው የጾም ሥርዐት የለበትም፤ ከማዕዱ የሚተርፈው ሽሮ ብቻ በሚሆንበት ወራት ለእርሱ ሌላ ምግብ መፈለግ ያስፈልጋል። የደባርቅ ሌሊት ብርዳም ስለ ሆነ ከነፋስና ከዝናብ የሚጠለልበት ጎጆ ያሻዋል። ቀኑን ሙሉ በአጭር ገመድ ታስሮ የሚውል ውሻም ይጠብቃል ቢባል፥ የሚጠብቀው የራሱን እስራት ነው። ዝውውር ቢመጣ አብሮ እንደሚሄድ፥ ይህ ባይቻል ለታመነ ሰው በአደራ እንደሚሰጥ ቡችላው ግቢ ሳይገባ መታሰብ አለበት።

ሁለተኛው ዋስነት ለጐረቤት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የሚታወቅና የሚፈራ ነው። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 ዮሴፍ ሜስተር የተባለውን የ9 ዓመት ልጅ በክትባት ካዳነ ወዲህ መድኃኒቱ በዓለም ታውቋል፤ ሆኖም የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው ዛሬም በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚሁ በሽታ ይሞታል። ወደ ሰው የሚተላለፈው ከመቶው 99 እጅ ያህል በውሻ ነው፤ በሽታ ከሚጠረጠርባቸው እንስሳት ንክሻ ከሚደርስባቸውም ሰዎች ከመቶው 40 ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። በሽታው በነርቭ በኩል ወደ አንጐል ይሄዳል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ የተነከሰ ሰው ቍስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ማጠብና ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ጠበል መጠመቅ የሚፈልግ ሰው ይጠመቅ፤ ክትባቱ ግን ቀጠሮ አይሰጠውም። ከሁሉ የሚበልጠው ውሻውን አስቀድሞ ማስከተብ ነው። ልጅ ከተነከሰ በኋላ የውሻ ክትባት የሚፈልግ ባለቤት «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የተባለውን ምሳሌ በራሱ ላይ ያስተርታል።

ሦስተኛው ዋስነት የስሜንን ነዋሪ ከሌላው አገር ሰው የሚለየው ነው፤ ይኸውም ከደባርቅ በላይ ባለው ደጋ ለሚኖረው ለቀይ ቀበሮ ነው። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። ሊቃውንትም ካኒስ ሲሜንሲስ ሲሉ በስሜን ስም ጠርተውታል። በዓለም ያለው ጐልማሳው ሁሉ ቢቈጠር 500 አይሞላም፤ ከግማሽ የሚበልጠው በባሌ፥ ጥቂቱ በስሜንና በሌሎች ተራሮች ይኖራል። ምግቡ በአብዛኛው የደጋ አይጥ ነው። ለአደን ለብቻው ይወጣል እንጂ ኑሮው በማኅበር ነው፤ ጧትና ማታ ተሰብስበው እርስ በርሳቸው እየተሻሹ ሰላምታ ይሰጣጣሉ። ከውሻ ጋር የቅርብ ዘመድ ስለ ሆነ የውሻ በሽታ ይይዘዋል፤ ማኅበርተኛ ስለ ሆነም አንዱ የያዘው በሽታ ለሁሉ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1992 በባሌ በወብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ አብዛኞቹን ቀይ ቀበሮዎች ጨረሰ፤ በ2003 እንደገና ተመለሰ። በ2006፥ በ2010ና በ2015 ደግሞ ዲስተምፐር የተባለው ሌላ የውሻ በሽታ ፈጃቸው። ወደዚያ በሽታውን ያደረሱት ውሾች ክፋት አልነበረባቸውም። ከብት ተከትለው ወደ ግጦሽ የወጡ ወይም ጠባቂ አጥተው የዞሩ ነበሩ።

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ፤ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተራ ተመዘገበ፤ ከዚያም ተራ የወጣው በ2017 ነው። ይህ የሆነው በነጻ አይደለም። በፓርኩ ውስጥ የግጭ መንደር ሰዎች ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ከአባቶቻቸው መሬት ተነሥተው በደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደረገ። ያ ሥራ እንዴት መሠራት ነበረበት የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ግልጽ ነው። ለዋልያውና ለቀይ ቀበሮው ሲባል ገበሬው እርሻውንና ግጦሹን ከለቀቀ፥ በዚያችው ከተማ የሚኖር የተማረ ሰው ውሻውን አላስከትብም፥ በሬንም አልዘጋም ቢል በምን አፉ ስለ አገር ሀብት ይናገራል? ትልቁን ዕዳ ድሃው ከፍሎት ሳለ ትንሹን ማን ይክፈለው?

ምናልባት አንባቢ «በየመንደሩ ስንት ያልተከተበ ውሻ እያለ የአንድ መምህር ውሻ ምን ይለውጣል?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን በቍጥር ይገኛል። ሊቃውንት እንደሚሉት ከአንድ አካባቢ ውሾች ከመቶው 70 እጅ ከተከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት መንገድ ይቋረጣል። ሁሉም እስኪከተብ መጠበቅ አያስፈልግም ማለት ነው፤ ሰባው ግን አንድ አንድ እያለ ካልሆነ በሌላ መንገድ አይሞላም። ከዚህም በላይ መምህርና ሹም ብቻቸውን አይኖሩም። ተማሪው የመምህሩን ቃል ሊረሳ ይችላል፤ መምህሩ ውሻውን በገመድ ይዞ ወደ እንስሳት ሐኪም ሲሄድ ያየ ልጅ ግን ያየውን አይረሳም፤ ለአባቱም ይነግራል።

አሁን ወደ ውሳኔው እንመለስ። መምህሩ ከላይ የተባለውን ካሰበ በኋላ ቡችላውን ሊቀበል ይችላል። በእኔ አስተያየት ቢቀበል መልካም ያደርጋል፤ ይኸውም ሦስት ነገሮችን ከቻለ ነው። ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ማስከተብና በየዓመቱ ማሳደስ አንዱ ነው። ከግቢው ያለ ጠባቂ አለማስወጣት፥ ወደ ሳንካበርና ወደ ጨነቅ ሲሄድም ይዞት አለመውጣት ሁለተኛው ነው። ከደባርቅ የሚነሣበት ቀን ቢመጣ የውሻውን ነገር ከዕቃው አስቀድሞ ማሰብ ሦስተኛው ነው። ብቸኝነቱም፥ የልጅነቱም ትዝታ በዚህ ጊዜ የተከበሩ ምክንያቶች ይሆናሉ፤ ፍቅሩ ዋስ አግኝቷልና።

ይህን ለመፈጸም የማይችል መሆኑን ካወቀ ግን ለጐረቤቱ «እግዜር ይስጥህ፤ አልችልም» ቢል ጨካኝ አይባልም። የማይችሉትን አደራ አለመቀበል ራሱ የፍቅር ወገን ነው። እንስሳን መውደዱም በዚህ አይቀርበትም። ለጐረቤቱ ውሻ የክትባቱን ዋጋ ቢያግዝ፥ ልጆች የጐዳና ውሻ በድንጋይ ሲወግሩ ቢገሥጽ፥ ማንም ሳያመሰግነው የሦስቱም ወገን ዋስ ሆነ ማለት ነው።

«ጌታዋን ያመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች» ይባላል። ይህ ምሳሌ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ በጓ እምነት ነው። ከዚያ በፊት መጠየቅ ያለበት ግን ጌታው የሚታመን መሆኑ ነው። ቡችላው ይህን ሊጠይቅ አይችልም፤ በደጋው ላይ አይጥ የሚያድነው ቀይ ቀበሮም አይችልም። ስለ እነርሱ ሆኖ ራሱን የሚጠይቅ፥ መልሱንም በሥራ የሚያሳይ ሰውየው ብቻ ነው።