የምስጋና ደብዳቤ

ካናዛዋ በምትባል የጃፓን ከተማ ውስጥ ናጋማቺ የሚሉት የጥንት የሳሙራዮች ሰፈር አለ። ለጉባኤ ሄጄ አንድ ቀን ተርፎኝ ነበርና፣ እዚያው አገር የሚማር የቀድሞ ተማሪዬ «መምህር፣ የሳሙራይ ቤት ሳላሳይዎትማ አይመለሱም» ብሎ ወሰደኝ። ረጅም የጭቃ አጥር፣ ጠባብ መንገድ፣ በመንገዱ ዳር ኩልል እያለ የሚወርድ የውሃ ቦይ። የኖሙራ ቤተሰብ ቤት ዛሬ ትንሽ ሙዚየም ሆኗል። ጫማ አውልቆ ነው የሚገባው። መግቢያው ላይ አንድ የጦር ልብስ ከነራስ ቁሩ ተቀምጧል፤ ውስጡ ባዶ ነው፣ ግን ሰው ቁጭ ያለ ይመስላል። ሳላስበው እጅ ልነሳው ምንም አልቀረኝ።

መቼም የእኔ ዘመን ሰው ጃፓንን የሚያውቃት ከከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሰለጠነች» ነው፤ ሳሙራይን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1954 ከወጣው የኩሮሳዋ ፊልም። እዚያ ፊልም ላይ ሳሙራይ ማለት ለሚበላው ሩዝ ብቻ ብሎ ለድሃ ገበሬ የሚሞት ሰው ነው። ስለዚህ ለማድነቅ ተዘጋጅቼ ነው የገባሁት። የሚደነቅም አላጣሁም። ትንሿን የአትክልት ቦታ ብቻ እያየሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ።

ከዚያ መስታወት ውስጥ አንድ ደብዳቤ አየሁ። የብሩሹ አጣጣል እንደ ሐረግ የሚወርድ፣ ሳያነቡትም ደስ የሚል። አጠገቡ የእንግሊዝኛ ትርጉም አለ። አሳኩራ ዮሺካጌ የተባለ የ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መስፍን ለአንድ የኖሙራ ቤት ሰው የላከው የምስጋና ደብዳቤ ነው። ለምኑ? በዚህ ወር በአራተኛው ቀን ማዕረግ ያለው አንድ የጠላት ወታደር ገድሎ፣ ጭንቅላቱን ቆርጦ ስላመጣለት። ደክመህልናል፣ በጣም ደስ ብሎናል፣ ነው ነገሩ። የተበደረውን ቁና ጤፍ በጊዜው የመለሰ ጎረቤት እንኳ እንዲህ በጨዋ ቃል አይመሰገንም።

ተማሪዬ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ከዚያ ግን ትርጉሙን ደግሜ አነበብኩት፤ የሟቹን ስም ፈልጌ ነው። የላኪው ስም አለ፣ የተቀባዩ ስም አለ፣ ቀኑ አለ። የሟቹ ማዕረጉ ብቻ ነው የተጠቀሰው።

ማዕረጉ የተጠቀሰው ለክብሩ እንዳይመስላችሁ። ዋጋው ነው። በዚያ ዘመን ከጦርነት የመጣ ጭንቅላት ታጥቦ፣ ጸጉሩ ተበጥሮ ለጌታው ይቀርብ ነበር፤ ሽልማቱም እንደ ሟቹ ማዕረግ ነው። ኦአን የምትባል ሴት በእርጅናዋ የተረከችው ታሪክ ተጽፎ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1600 በሴኪጋሃራ ጦርነት ጊዜ በኦጋኪ ምሽግ ውስጥ የነበረች ልጃገረድ ናት። ትላልቅ ሰዎች ጥርሳቸውን ያጠቁሩ ስለነበር፣ ወታደሮቹ ነጭ ጥርስ ያለው ጭንቅላት ሲያመጡ ሴቶቹን «እባካችሁ ጥርሱን አጥቁሩልን» ይሏቸው ነበር። የሞተውን ሰው ከሞተ በኋላ ይሾሙታል ማለት ነው! ኦአን ጭንቅላቶቹ እንደማያስፈሯት፣ ከነደም ሽታቸው መካከል ትተኛ እንደነበር ተናግራለች።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «ጨዋነታቸው ሁሉ ሽፋን ነበር» ሊል ይችላል። እኔ አይመስለኝም። ሽፋን ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ገልጦ ማየት ነው። ያስጨነቀኝ ደብዳቤው እውነተኛ መሆኑ ነው። ሰውዬው ከልቡ ተደስቷል፣ ከልቡ አመስግኗል፣ አገልጋዩም በታማኝነት ነው የደከመው። ምስጋና፣ ታማኝነት፣ ትህትና፣ ልጆቻችንን የምናስተምራቸው ነገሮች ሁሉ እዚያች ወረቀት ላይ አሉ። አንዱም የውሸት አይደለም። እና ይህ ሁሉ ምግባር ተሰብስቦ አንድ ጭንቅላት ተሸክሟል። እንግዲህ ምግባር ማለት ከፊታችን ላለው ሰው ብቻ ከሆነ ምንድን ነው የያዝነው?

በጃፓን ላይ ለመፍረድ እንዳልቸኩል የሚያደርገኝ ነገር አለ። ለብዙ ዓመታት ፉከራና ቀረርቶ አስተምሬያለሁ። ጀግናው ግዳዩን ጥሎ በጌታው ፊት ሲፎክር የማን ልጅ እንደሆነ፣ የፈረሱን ስም፣ ስንት እንደጣለ ይናገራል። ቤት አመታቱን፣ የቃላት ምርጫውን በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየተነተንኩ ክፍሉን አስጨበጭብ ነበር። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣችና «የሞተውስ ማን ነው?» አለችኝ። «እሱ የግጥሙ ጉዳይ አይደለም» አልኳት። ክፍሉ ሳቀ፣ ልጅቷ ተቀመጠች። ለነገሩ መልሴ እንደ ሥነ ጽሑፍ መምህር ስህተት አልነበረም፤ ያን ቀን እንዲያውም ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

የዮሺካጌን መጨረሻም ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1573 በኦዳ ኖቡናጋ ተሸንፎ፣ የገዛ ዘመዱ ከድቶት ራሱን ገደለ። በ1574 የአዲስ ዓመት ግብዣ ላይ ኖቡናጋ የእሱንና የሁለት አጋሮቹን የራስ ቅሎች በወርቅ አስለብጦ ለባለሟሎቹ እንዳሳየ ታሪኩን የጻፈው አገልጋዩ መዝግቧል። ጠጥተው፣ ዘፍነው፣ ተደስተው ነው ያመሹት። የእሱ ስም ግን ተጽፏል፤ መስፍን ነበራ።

ስንወጣ ተማሪዬ «መምህር፣ ከጦር ልብሱ አጠገብ ይቁሙ፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት» አለኝ። ቆምኩ። ፎቶው አሁን መጻሕፍት መደርደሪያዬ ላይ አለ፤ ፈገግ ብያለሁ።