ዲከንስ ሦስት ጊዜ መለሰ

ደራሲ ሂስን እንዴት ይቀበል ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ የታወቀ ነው፤ የሚጠቅምህን ያዝ፣ የማይጠቅምህን እለፈው። የሚጠቅመው የትኛው እንደሆነ ግን የሚነግረኝ አላገኘሁም። ልብ ወለድ ጽፌ ለሰው ማስነበብ ከጀመርኩ ወዲህ ለጊዜው ያሳረፈኝ አንድ ክፍፍል ነበር። አንባቢ ስለ ድርሰቱ ሲናገር፣ ታሪኩ ተንዛዛ፣ ይህች ሴት እንዲህ አትናገርም፣ መጨረሻው አላሳመነኝም ሲል ስማው። ሰደብከን፣ ስማችንን አጠፋህ ሲል ግን ልብ ወለድ መሆኑን አስረድተህ ሸኘው።

ክፍፍሉ ከፍርሃትም የመጣ ነው መሰለኝ። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን ሲያሳትም መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፣ እሱም ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህ ሂስ አይደለም፤ የአንባቢና የደራሲ ጉዳይም አይደለም። ነገር ግን ያንን የሚያውቅ ጸሐፊ «ስማችንን አጠፋህ» የሚል ድምፅ ሲሰማ፣ ተናጋሪው ተራ አንባቢ ቢሆን እንኳ፣ ጆሮውን ቢደፍን አይፈረድበትም።

ክፍፍሌን ያናጋብኝ ቻርልስ ዲከንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1863 ኤላይዛ ዴቪስ የምትባል አይሁዳዊት ደብዳቤ ጻፈችለት። ባሏ ከሦስት ዓመት በፊት የዲከንስን የለንደን ቤት ገዝቶት ስለነበር ባዳ አልነበረችም። ቅሬታዋ ከሩብ ምዕተ ዓመት በፊት በታተመው «ኦሊቨር ትዊስት» ላይ ነበር። ሕፃናትን ስርቆት የሚያሠለጥነው ፌጊን አይሁዳዊ ነው፤ ይህም በተናቀ ሕዝብ ላይ ያለውን ጥላቻ አባብሷል አለችው። በእኔ ሚዛን ይህ የሚሸኝ ቅሬታ ነው።

ዲከንስም መጀመሪያ ሸኛት። ታሪኩ በሚተረክበት ዘመን ያን መሰል ወንጀል የሚሠሩት አብዛኞቹ አይሁዶች ነበሩ፤ ደግሞም በመጽሐፉ ያሉት ሌሎቹ ክፉዎች ሁሉ ክርስቲያኖች ናቸው ሲል መለሰ። ሁለተኛውን ነጥብ ሳነብ ጥሩ ተከራከረ ብዬ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ክርክሩ ራሱን አፈረሰብኝ። ናንሲን ደብድቦ የሚገድላት ቢል ሳይክስ ክርስቲያን ከሆነ፣ ትረካው ለምን በየገጹ «ክርስቲያኑ» እያለ አይጠራውም? ሳይክስ ሳይክስ ነው። ፌጊን ግን «አይሁዳዊው ገባ፣ አይሁዳዊው ሳቀ፣ አይሁዳዊው እጁን አፋተገ» ነው። እንግዲህ ሴትዮዋ የጠቆመችው የአተራረክ ጉድለት ነው ማለት ነው። አንዱ ሰው በስሙ፣ ሌላው በወገኑ መጠራቱ የትኛውም ጥሩ አርታኢ ቀይ እስክሪብቶውን የሚያነሳበት ነገር ነው። ከድርሰቱ ውጭ ያልኩት ቅሬታ ድርሰቱ ውስጥ ተገኘ።

ሁለተኛው መልስ «የጋራ ወዳጃችን» በሚለው ልብ ወለድ (1864–65) ውስጥ የመጣው ራያ ነው፤ ደግ፣ ታጋሽ፣ ለክርስቲያን አራጣ አበዳሪ እየሠራ የአለቃውን ነውር የሚሸከም ሽማግሌ አይሁዳዊ። አሳቡ መልካም ነው፤ ሰውየው ግን ደም የለውም። ማንንም እንዳያስቀይም ተጠንቅቆ ይናገራል፣ ተጠንቅቆ ይራመዳል። ፌጊን ከነክፋቱ በሕይወት አለ፤ ራያ የካሳ ክፍያ ሆኖ ቀረ።

ሦስተኛው በ1867 መጣ። ሥራዎቹ እንደገና ሲታተሙ ዲከንስ ወደ «ኦሊቨር ትዊስት» ተመልሶ፣ በተለይ በኋለኞቹ ምዕራፎች፣ «አይሁዳዊው» የሚለውን እየሰረዘ «ፌጊን» ወይም «እሱ» አደረገው። የፊተኞቹ ምዕራፎች በአመዛኙ እንደነበሩ ቀሩ። 52ኛው ምዕራፍ ቀድሞ «የአይሁዳዊው የመጨረሻ ሌሊት» ነበር፤ «የፌጊን የመጨረሻ ሌሊት» ሆነ። በዚያ ምዕራፍ ፌጊን ችሎት ቆሞ የሞት ፍርድ ይጠብቃል፤ ዓይኑ ግን አንድ ወጣት መልኩን ሲስል ያያል። ሥዕሉ እኔን ይመስል ይሆን ብሎ ያስባል። የወጣቱ እርሳስ ይሰበራል፣ በቢላ ይቀርጸዋል፣ ፌጊን ይህንኑ ይመለከታል። ሞት ደጁ ቆሞ ስለ እርሳስ የሚያስብ ሰው! ከዚህ ቀጥሎ የወገን ስም ማምጣት ሰውየውን ከእጅ መንጠቅ ነው። ስረዛው ገጹን አዳነው።

ታዲያ ክፍፍሌ ቢገለበጥስ? በ1861 የዲከንስ ወዳጅ፣ ደራሲው ቡልወር ሊተን፣ «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» የተባለውን የዲከንስ ልብ ወለድ ማረሚያ አንብቦ መጨረሻው እንዲለወጥ መከረ። ይህ እኔ ስማው የምለው ዓይነት አስተያየት ነው፤ ዲከንስም ሰማ። በተለወጠው መጨረሻ ባለታሪኩ ፒፕና የሚያፈቅራት ኤስቴላ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይወጣሉ። በመጀመሪያው ግን ኤስቴላ ሌላ አግብታለች፤ ፒፕን ለንደን መንገድ ላይ ከሠረገላዋ ሆና ታገኘዋለች፣ አብሮት ያለውን ሕፃን ልጁ መስሏት ትስመዋለች፣ እሱም አላረማትም። የዲከንስ ወዳጅ ጆን ፎርስተር ደራሲው ከሞተ በኋላ ይህን ባያሳትመው ኖሮ ያቺ «አላረማትም» ጠፍታ ትቀር ነበር። በእኔ ፍርድ የተሻለው የተጣለው ነው፤ የማይስማሙ ብዙ ናቸው።

አሁን አስተያየት ሲመጣልኝ የምጠይቀው፣ ስለ ምን ነው ሳይሆን፣ የትኛውን ገጽ እንደገና ያስነብበኛል ብዬ ነው። የዴቪስ ደብዳቤ ዲከንስን ወደጻፈው ገጽ መለሰው፤ የሊተን ምክር ወደ አንባቢው ምቾት ወሰደው። ይህም ግን ሙሉ በሙሉ አያሳርፈኝም፣ ምክንያቱም ራያም የተወለደው ከዚያው ደብዳቤ ነው። ምናልባት ካሳው እንዳልበቃ የታየው ከተከፈለ በኋላ ይሆናል፤ ራያ ባይጻፍ የ1867ቱ ስረዛ ባልመጣ ነበር። ይህ ግምቴ ነው። ልክ ከሆነ ለሂስ የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ፣ መከላከያም ሆነ ካሳ፣ መሳቢያ ውስጥ ቢቆይ ይሻል ነበር እላለሁ። ዲከንስ ግን ያን ጊዜ በየወሩ ለማተሚያ ቤት አንድ ክፍል ማስረከብ ነበረበት።