ሁሉ ለዓይን አይሰጥም

ባህሉን በምስል ለሌላው የሚያካፍል ሰው ሁሉን ማሳየት አለበት? ለጊዜው ጥያቄው የጥበብ ሰዎች ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ምስጢር ምንድን ነው፣ ዕውቀትስ የማን ነው ወደሚል የሃይማኖትና የፍልስፍና ክርክር ያስገባል። ከአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች የወጡ ፎቶግራፍ አንሺዎችና ፊልም ሠሪዎች ላለፉት አርባ ዓመታት ያህል በሥራቸው ሲመልሱት ኖረዋል። እኔ መልሳቸው ትክክል ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። መከልከል የማይችል ሰው አካፈለ ሊባል አይችልም፤ እምቢ የማለት መብት ከሌለው የሰጠው ሁሉ እንደ ተወሰደበት ይቆጠራል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን በግልጽ የሚያሳየው ማይክል ራይሊ ነው። በ1960 በኒው ሳውዝ ዌልስ በደቦ ከተማ ተወልዶ በ2004 ያረፈው ራይሊ በአባቱ ዊራጁሪ፣ በእናቱ ጋሚላራይ ነበር፤ ፎቶግራፍም ፊልምም ይሠራ ነበር። በ1987 ከሙያ ጓደኞቹ ጋር ቡማሊ የተባለውን የነባር ሕዝቦች አርቲስቶች ኅብረት ሥራ ማኅበር በሲድኒ አቋቋመ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የእናቱ ወገኖች በሚኖሩባት በሞሪ ከተማ የአካባቢውን ሰዎች አንድ ቀላል መጋረጃ ፊት እያቆመ አነሣቸው። እንደ ፈለጉ ተቀምጠዋል፣ የፈለጉትን ለብሰዋል፣ ምስሎቹም በስማቸው ይጠራሉ። የዚህን ክብደት ለመረዳት የአደሌድና የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲዎች በ1938 እና 1939 በጋራ ያደረጉትን የምርምር ጉዞ ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ጉዞ ነባሮቹ ከፊትና ከጎን በቁጥር ተነሥተዋል። ሁለቱም የሰው ፊት ነው የቀረጹት፤ በአንደኛው ግን ሰውየው ራሱን ሲያሳይ፣ በሌላው ሲመዘገብ እናያለን።

ራይሊ በ2000 የሠራው «ደመና» የተሰኘው ተከታታይ ሥራ ደግሞ ከዚህ አልፎ ይሄዳል። ሰማያዊ ሰማይ ላይ ላም ተንሳፍፋለች፤ በሌሎቹ ምስሎች ቡመራንግ፣ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ላባ፣ አንበጣ፣ የድንጋይ መልአክ ይታያሉ። ሰው የለም። ለጎብኚ የሚማርክ ጭፈራም ሆነ ቀለም የተቀባ ገላ የለም። ከብቱና መጽሐፉ ወደ አያቶቹ ምድር የገቡት ከሰፋሪዎቹ ጋር ነው፤ አንዱ የግጦሹን መሬት፣ ሌላው ነፍስን ይዞ። ይሁን እንጂ ምስሉ መጽሐፉን አይረግምም፤ በሚሲዮን መንደር ያደጉ ብዙ ነባሮች ክርስትናን የራሳቸው እንዳደረጉት ራይሊ ያውቅ ነበር። መልአኩ ወገን ይሁን ባዕድ አልነገረንም። የጥንቱ እምነት ምን እንደሚልም አልተረጎመልንም። እኔ ሥራውን እንደማነበው ይህ ዝምታ የጥበቡ ግማሽ ነው፤ የሚናገረው ነገር መኖሩን ያሳውቀናል፣ ነገሩን ግን ለባለቤቶቹ ይተወዋል።

ዝምታው ከምን እንደ መጣ ታሪክ ያስረዳል። በ1901 የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪዎቹ ቦልድዊን ስፔንሰርና ፍራንሲስ ጊለን በማዕከላዊ አውስትራሊያ የአረርንተ ሕዝብ የሥርዓት ጭፈራዎችን በሲኒማ ካሜራ ቀረጹ። ከቀረጹትና ካሳተሙት መካከል ለተመረጡ ሰዎች ብቻ የሚገለጥ ነገር ነበረበት። ሌላው ተመራማሪ ቻርልስ ማውንትፎርድም በ1940 በምድረ በዳው የፒጃንጃጃራ ሽማግሌዎች በእምነት የነገሩትንና ያሳዩትን በ1976 መጽሐፍ አድርጎ አወጣው። ሽማግሌዎቹ ይህን ሴቶችና ገና ሥርዓቱን ያልፈጸሙ ልጆች ሊያዩት አይገባም ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በሰሜን ግዛት መጽሐፉ እንዳይሸጥ እግድ ተጣለበት። እንግዲህ በእነዚህ ሕዝቦች ዘንድ ዕውቀት እንደ ወንዝ ውሃ ማንም የሚቀዳው አይደለም። በጾታ፣ በዕድሜ፣ በተፈጸመ ሥርዓት፣ ከሁሉም በላይ ከአንድ ቦታ ጋር ባለ ዝምድና የተከፋፈለ ነው። ያየ ሰው ኃላፊነት ይወድቅበታል፤ ስለዚህ ያለ ኃላፊነት ማየት ራሱ ጥፋት ነው።

ከዚህ ጋር የሚጋጨው የመጀመሪያው ክርክር ከባድ ስለ ሆነ በችኮላ ሊታለፍ አይገባም። ዕውቀት የሰው ልጅ ሁሉ ሀብት ነው፤ እነ ስፔንሰር ባይቀርጹ ኖሮ ዛሬ ምንም አይተርፍም ነበር፤ የነባሮቹ የልጅ ልጆች ራሳቸው አያቶቻቸውን የሚያገኙት በእነዚያ ምስሎች አይደለምን? እውነት አለው። የአንትሮፖሎጂ ባለሙያው ዶናልድ ቶምሰን በ1930ዎቹ በሰሜን አውስትራሊያ በአርንሄም ምድር በአራፉራ ረግረግ ላይ አሥር ሰዎች በየታንኳቸው ሲቀዝፉ ያነሣው ፎቶግራፍ ባይኖር ኖሮ በ2006 የወጣው «አሥር ታንኳዎች» የተሰኘው ፊልም ባልተፀነሰ ነበር። በዚያው አካባቢ የሚኖሩት የራሚንጊኒንግ ሰዎች ከዛፍ ቅርፊት ታንኳ መሥራትን እንደገና ሲለማመዱም የቶምሰን ምስሎች ረድተዋቸዋል። ሆኖም ይህ ማስረጃ የሚያግዘው የእኔን ወገን ነው። ፎቶግራፉ ሕይወት የዘራው ነባሩ ተዋናይ ዴቪድ ጉልፒሊል ለዳይሬክተሩ ለሮልፍ ደ ሂር አሳይቶት፣ የራሚንጊኒንጉ ፒተር ጂጊር በዳይሬክተርነት አብሮ ሠርቶ፣ ባለታሪኮቹ በገዛ ቋንቋቸው ሲተርኩት ነው። የፒጃንጃጃራና የያንኩኒጃጃራ ሰዎች በ1994 የጀመሩት አራ ኢሪቲጃ የተባለው መዝገብ ቤትም ከየሙዚየሙ የተመለሱ ምስሎችን ይዞ የወንዶቹን ከሴቶቹ ይለያል፤ በቅርብ የሞቱ ሰዎችን ምስል ለሐዘንተኞች ሲባል ይሸፍናል። ማስቀመጥና ለሁሉም መግለጥ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ አላውቅም። ለአማርኛ አንባቢማ ነገሩ እንግዳ ሊሆን አይችልም፤ በጥምቀት ታቦት ተሸፍኖ ሲወጣ ለምን አይገለጥልንም ብሎ የሚከራከር የለም። የብሪታንያ ሙዚየም እንኳ በአብዛኛው ከመቅደላ የተወሰዱትን 11 ታቦታት ለሕዝብ አያሳይም፤ የገዛ ባለሙያዎቹም አያዩአቸውም። ታቦታቱ እዚያ መቀመጣቸው ትክክል አይደለም፤ ነገር ግን ማየት የማይፈቀድለት ሰው እንዳለ ያ ተቋም ተቀብሏል። ለኢትዮጵያ ካህናት የታወቀውን መብት ለፒጃንጃጃራ ሽማግሌዎች የሚነፍግ ምክንያት አይታየኝም።

ካሜራ የባዕድ መሣሪያ ስለ ሆነ በእርሱ የተሠራው «እውነተኛ ባህል» አይደለም የሚሉም አሉ። ይህ ክርክር ብዙ ቀለም አይፈጅም። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ መጻፍን ከፈለሰፈው ሰው በቀር የጻፈው የራሱ የሚሆንለት የለም እንደ ማለት ነው።

ይልቅ የሚያሳስበው ሦስተኛው ነው። የመከልከል መብት ሽማግሌዎች ወጣቶችን፣ ወንዶች ሴቶችን ዝም የሚያሰኙበት፣ ማኅበረሰቡም የገዛ ገመናውን የሚሸፍንበት አይሆንም ወይ? ሊሆን ይችላል፤ ማንኛውም ሥልጣን ለዚያ ይመቻል። ግን የተደረገውን እንይ። የአሊስ ስፕሪንግስ ተወላጅ የሆነው የካይቴቼ ሰው ዋሪክ ቶርንተን በ2009 በካን ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ፊልሞች የሚሰጠውን ወርቃማ ካሜራ ያገኘው «ሳምሶንና ደሊላ» በተሰኘው ፊልሙ ነው። ፊልሙ ቤንዚን የሚያሸት ልጅ፣ ድህነትና ጭካኔ ያሳያል፤ ገመና አልሸፈነም። ትሬሲ ሞፋትም በ1993 «ቢዴቪል»ን በመሥራት ረጅም ፊልም የመራች የመጀመሪያዋ የአውስትራሊያ ነባር ሴት ብትሆንም፣ የወገኖቿ ቃል አቀባይ ተደርጋ እንድትታይ አልፈለገችም፤ አርቲስት ነኝ ብላ በራሷ መንገድ ሄደች። የተቀደሰውን መጠበቅና በደልን መደበቅ አንድ አለመሆናቸውን ሁለቱም በተግባር አሳይተዋል። ሥርዓትን ለማስከበር የወጣ ክልከላ በደለኛን ለመከለል ከዋለ እኔም አልሟገትለትም።

ክልከላው የደረቀ ሕግ አለመሆኑም መታወቅ አለበት። በብዙ ነባር ማኅበረሰቦች የሞተ ሰው ስም ለጊዜው አይጠራም፣ ምስሉም አይታይም፤ የአውስትራሊያ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ፊልም ከማሳየታቸው በፊት ስለዚህ ማስጠንቀቂያ ይሰጣሉ። ዴቪድ ጉልፒሊል በኅዳር 2021 ሲያርፍ መገናኛ ብዙኃን መጀመሪያ ዴቪድ ዳላይትንጉ ብለው ጠሩት። ከዚያ በኋላ በስሙና በምስሉ መጠቀም የተፈቀደው ቤተሰቡ ሲፈቅድ ነው።