መፍቻ የሌለው ጾም

ልጄ፣

ባለፈው እሑድ ስትደውዪልኝ ድምፅሽ ደክሞ ነበር። «አክስቴ፣ አራት ወር ሙሉ እንጀራ በአፌ ሳይዞር 4 ኪሎ ብቻ? ሚዛኑን አልጋ ሥር ከትቼዋለሁ፤ በቃኝ» አልሽኝ። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልነበረ «እሺ፣ ለዛሬ እረፊ» ብዬ ዘጋሁት። ሳምንቱን ሙሉ ግን ከሐሳቤ አልወጣሽም። 31 ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ፤ ከራሴ ሰውነት ጋርም ብዙ ታግያለሁ። የተማርኩትን ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

በ4 ኪሎው ልጀምር። አንቺ «ብቻ» አልሽው። ቅቤ ተራ ሄደሽ 4 ኪሎ ቅቤ ቢመዝኑልሽና ተሸክመሽው እስከ አራተኛ ፎቅ ብትወጪ «ብቻ» የሚለው ቃል ከአፍሽ አይወጣም ነበር። ከትከሻሽ የወረደው ያን ያህል ነው። እስቲ ሒሳቡንም እንሥራው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል፤ አራቱ ኪሎ ወደ 31,000 ገደማ ይሆናል። ለ120 ቀን ስናካፍለው በቀን ከ250 ካሎሪ ብዙም አይርቅም። ይህ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ነው። ድካምሽን ላሳንስብሽ ብዬ አይደለም። ይልቅስ እንጀራን፣ ሽሮን፣ የእናትሽን ወጥ ሁሉ እርም ሳትዪ እዚሁ መድረስ ይቻል እንደነበር እንድታዪልኝ ነው። የከበደሽ መንገዱ እንጂ ርቀቱ አልነበረም።

ደግሞም ከ80 ኪሎ ወደ 76 ወርደሻል፤ ከክብደትሽ 5 በመቶው ሄዷል። ሐኪሞች የደም ግፊትና የደም ስኳር መሻሻል ይጀምራል የሚሉት ከዚህ አካባቢ ነው። ባለፈው ስትመረመሪ በባዶ ሆድሽ ስኳርሽ 112 ነበር፤ ድንበሩ ላይ ማለት ነው። እንዳንቺ ድንበር ላይ የደረሱ ከ3,200 በላይ ሰዎች አሜሪካ ውስጥ ለሦስት ዓመት ገደማ ክትትል ተደርጎላቸው፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሟል። ከእነዚህ አንዱ ክፍል ከክብደቱ 7 በመቶ እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ተመከረ። በአማካይ የቀነሱት 5.6 ኪሎ ነው። በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ግን መድኃኒት የሌለበት ክኒን ከወሰዱት ይልቅ በ58 በመቶ አነሰ። ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር መድኃኒት የተሰጣቸው እንኳ የቀነሰላቸው በ31 በመቶ ነበር። አንቺ «ብቻ» ያልሽው 4 ኪሎ የዚህን መንገድ አብዛኛውን ሄዷል።

«አምስት ሳምንት ሆነው፤ ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም» ብለሽኛል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲባል እየሰማሽ ነው ያደግሽው። ገጠር ያደገ ሰው ግን ተረቱ ያልነገረሽን ያውቃል። ዶሮዋ 21 ቀን ትታቀፋለች። በ20ኛው ቀን እንቁላሉን አንስተሽ ብታዪው ከመጀመሪያው ቀን በዓይን የሚለይበት ነገር የለም። ያን ቀን «ምንም የለውም» ብሎ የጣለው ሰው የጣለው ጫጩት ነው። ሚዛንም እንደዚያ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በፍጥነት የወረደው አብዛኛው ውሃ ነበር፤ ሰውነት ያጠራቀመውን ስኳር ሲያወጣ ከእሱ ጋር የተያዘው ውሃ አብሮ ይወጣል። ጨው የበዛበት እራት ወይም የወር አበባሽ መዳረሻ ደግሞ ውሃውን መልሶ ያስይዝሽና በሁለት ቀን አንድ ኪሎ የጨመርሽ ያስመስልሻል። የቀለለ ሰውነትም ለዕለት ሥራው የሚያቃጥለው ያንሳልና ፍጥነቱ በጊዜ ብዛት መቀነሱ አይቀርም። ይህ የስንፍናሽ ምልክት አይደለም።

እኔም ቸኩዬ አውቃለሁ። በ52 ዓመቴ የስኳር በሽታ እንዳለብኝ ሲነገረኝ 91 ኪሎ ነበርኩ። ደንግጬ የጎመን ሾርባና ፍራፍሬ ብቻ እየበላሁ በስድስት ሳምንት 9 ኪሎ ጣልኩ። የሥራ ባልደረቦቼ አደነቁኝ። ፀጉሬ ግን ይረግፍ ጀመር፤ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይከዳኛል፤ ሌሊት ሌሊት ዶሮ ወጥ በሕልሜ ይመጣል። ዘመን መለወጫ መጣ፤ ዶሮውም ከሕልም ወጥቶ ገበታ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን በኋላ ማቆም አልቻልኩም። በስምንት ወር 11 ኪሎ ተመለሰብኝ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የሚሉት ይህን ነው።

ራሴን «ሆዳም» እያልኩ ስረግም ቆየሁ። ኋላ ሳነብ ነው ሰውነት እንደዚህ እንደሚያደርግ የገባኝ። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የተባለ ተመራማሪ፣ ፈቃደኛ የሆኑ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ለስድስት ወር ምግባቸውን በግማሽ ገደማ ቀነሰባቸው። እነዚያ ብርቱ ሰዎች ወሬያቸው ሁሉ ምግብ ሆነ፤ የምግብ አሠራር መጻሕፍት ማንበብ ጀመሩ፤ ይበርዳቸዋል፣ ይነጫነጫሉ። መብላት ሲፈቀድላቸውም ሆዳቸው ሞልቶ ረሃባቸው አልጠፋም። ብዙ ያስራቡት ሰውነት ሐሳብሽን ሁሉ ወስዶ ለምግብ ያስገዛዋል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ስለ እንጀራ ካሰብሽ አስርበሽዋል ማለት እንጂ ፈቃደ ደካማ ነሽ ማለት አይደለም።

አንድ ነገር ግን ግር ብሎኝ ከረመ። እናቴ 55 ቀን ሁዳዴን ስትጾም አንድም ቀን «ከበደኝ» ስትል ሰምቼ አላውቅም። እኔ በስድስት ሳምንት ውስጥ አእምሮዬን ልስት የደረስኩት ለምንድን ነው? እያሰብኩ ስመጣ ጾምን የሚያቀሉት ነገሮች ታዩኝ። ጿሚ ምክንያቱን ያውቃል። ብቻውን አይደለም። ቀኑና ሰዓቱ ተቆርጦ የተሰጠ ስለሆነ ከራሱ ጋር አይከራከርም። አራተኛም አለው፦ ጾም መፍቻ አለው። ፋሲካ ይመጣል። ረመዳንም ማታ ኢፍጣር፣ በመጨረሻው ዒድ አለው። የአንቺ ግን መፍቻ የሌለው ጾም ነው። እንዲህ ያለውን ጾም ሰው ራሱ መፍቻ ያበጅለታል፤ እኔ በዘመን መለወጫ ፈታሁት፣ አንቺ ደግሞ ሚዛኑን አልጋ ሥር በመክተት ልትፈቺው ነው።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው፤ ከጾም ሦስቱን ተዋሺ፣ መፍቻ እንድትናፍቂ የሚያደርግሽን ጥብቅነት ግን ተዪው። ዕድሜ ልክሽን ልትኖሪበት የማትችዪውን አመጋገብ ለአንድ ወርም አትጀምሪው።

ምክንያትን አስቀድሚ። የአንቺ ምክንያት ለጓደኛሽ ሠርግ የምትለብሺው ቀሚስ ነበር። ሠርጉ አለፈ፤ ምክንያቱም አብሮ አለፈ። የእኔ ምክንያት የእናቴ እግር ነው። አያትሽ በስኳር የተነሳ ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በታች ሲቆረጥ አንቺ አልተወለድሽም ነበር። ሁሉም የጀመረው ጫማ በላጣት ትንሽ ቁስል ነው። እግሯ ደንዝዞ ስለነበር አላመማትም፤ ስላላመማትም አልነገረችንም። ቁስሉን ያጠብኩት እኔ ነኝ። የስንቱን ቁስል ሳጥብ ያልተንቀጠቀጠ እጄ ያን ቀን ተንቀጠቀጠ። ዛሬም ጠዋት ተነስቼ መራመድ ሲያስጠላኝ ያን እግር አስባለሁ፤ ጫማዬንም አስራለሁ። አንቺ የእኔን ምክንያት አትዋሺ። የራስሽን ፈልጊ፤ ቀኑ ሲያልፍ አብሮ የማያልፍ ይሁን።

ቀጥሎ ሥርዓት። «ወኔዬ ጠፋ» አልሽኝ። ረቡዕና ዓርብ ወኔሽን አይጠይቁሽም፤ ቀኑ ረቡዕ ስለሆነ ብቻ ትጾሚያለሽ። የምግብሽንም ነገር እንደዚያ አድርጊው። እንጀራውን መልሺው፤ ጤፍ ጠላትሽ አይደለም። ግን ከትሪ ላይ ከሰው ጋር ስትበዪ ምን ያህል እንደበላሽ አታውቂምና ድርሻሽን ቀድመሽ ለይተሽ አስቀምጪ፦ ግማሹ ጎመንና ሰላጣ፣ ሩቡ ምስር ወይም ሥጋ ወይም እንቁላል፣ ሩቡ እንጀራ። ዋናው ሥራ ያለው ድስቱ ውስጥ ነው። እናቶቻችን ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ውሃ ጠብ እያደረጉ ነው የሚያቁላሉት። ወደዚያ ተመለሺ፤ ዘይቱንም ከጀሪካኑ በቀጥታ ከማንቆርቆር በማንኪያ እየሰፈርሽ ጨምሪ። እነዚያ ሁለት ማንኪያዎች የሚገኙት እዚያ ነው። ከአቦል እስከ በረካ በየስኒው ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ካደረግሽ ስድስት ማንኪያ ጠጥተሻል፤ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ደግሞ ወደ ስምንት ማንኪያ ይይዛል። ቡናውን አትተዪ፤ ስኳሩን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ቀንሺው፣ ምላስሽ ይለምደዋል። በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብለሽ ተራመጂ፤ 150 ደቂቃው ሞላ ማለት ነው። ወደ ቤትሽ ስትመለሺ ሁለት ፌርማታ ቀድመሽ ከታክሲ ውረጂ። በጊዜም ተኚ፤ እንቅልፍ ያጣ ሰውነት በማግስቱ አብዝቶ ይርበዋል።

ሚዛኑን ደግሞ ከአልጋ ሥር አውጪው፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት በባዶ ሆድ ብቻ ውጪበት። በወር አንድ ጊዜ በልብስ ሰፊ ሜትር ወገብሽን ለኪ። ለሴት ከ88 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲሆን ለልብም ለስኳርም አደጋው ይጨምራል። ሚዛኑ በቆመባቸው ወራት የእኔ ቀበቶ አንድ ቀዳዳ ገብቶ ያውቃል።

ሦስተኛው ጓደኛ ነው። ብቻሽን ዱባ ቀቅለሽ ጓዳ አትቀመጪ፤ ከቤተሰቡ ጋር ብዪ። እናትሽን «ዘይቱን ቀንሺልኝ» ብለሽ ለምኚያት፤ አባትሽም ግፊት አለበት፣ ለሁላችሁም ይበጃል። «በሞቴ» ብለው ሲያጎርሱሽ አትገላምጪ። አንዱን ተቀበዪ፤ ሁለተኛው ሲመጣ ቀድመሽ አንቺ አጉርሺ። የጎረሰ ሰው አይቀየምም። «ከሳሽ! ምን ሆነሽ ነው? አመመሽ እንዴ?» የሚሉሽም አያስከፉሽ። ረሃብ ያየ፣ ኋላም ኤችአይቪ በየቤቱ ሲገባ ያየ ትውልድ ከሲታ ሰው ሲያይ ልቡ ይደነግጣል። ፍቅሩን የሚገልጽበት ቋንቋ ነው። «ደህና ነኝ፤ ስኳሬ ወርዶልኝ ነው» በያቸው፤ ምርቃት ታገኚበታለሽ።

የምትሳሳቺበት ቀን ይመጣል። ልደት ይኖራል፣ ክርስትና ይኖራል፣ ወይም ከፍቶሽ አንድ ሙሉ ፓኮ ብስኩት የምትጨርሺበት ማታ ይኖራል። በሁዳዴ ሳያውቅ የገደፈ ሰው «አንዴ ገድፌያለሁ» ብሎ እስከ ፋሲካ ሥጋ ሲበላ አይተሽ ታውቂያለሽ? በማግስቱ ወደ ጾሙ ይመለሳል። አንቺም በሚቀጥለው ማዕድ ተመለሺ። ለቅጣት ብለሽ ቁርስ አትዝለዪ።

እንደ ነርስም ልናገር። ክብደት ይቀንሳል እየተባለ የሚሸጥ ሻይና ክኒን አትግዢ። ሁሉን እያደረግሽ ለወራት ምንም ካልተንቀሳቀሰ፣ ብርድና ድካም ከተጫነሽ የታይሮይድ ምርመራ ጠይቂ። የወር አበባሽ ከቀረ ወይም ራስሽን ካዞረሽ ምግቡን አብዝተሽ ቀንሰሻል፤ ሐኪም ጋ ሂጂ። ይህን ደብዳቤ ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላማይድ የተባለውን የስኳር ክኒን ለሚወስድ ሰው ካነበብሽለት ምግቡን ከመቀነሱ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ ስኳሩ በድንገት ሊወርድበት ይችላል።

ሁለተኛውን ጉዞዬን የጀመርኩት ከ93 ኪሎ ነው። በሁለት ዓመት 13 ኪሎ ቀነስኩ፤ በወር ግማሽ ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ካንቺ በግማሽ ፍጥነት ነበር የምሄደው። አሁን ሰባተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ አልተመለሰም። ያኔ ዝግተኛ የመሰለኝ ጉዞ በኋላ ሳየው በዕድሜዬ ውስጥ ወደ ኋላ ያልመለሰኝ ብቸኛው ጉዞ ነው።

እሑድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በራፍሽ ላይ እቆማለሁ። አንድ ሰዓት እንራመዳለን፤ ከዚያ ወደ እኔ ቤት እንመጣለን። ጎመንና ምስር ይኖራል፤ አራት ወር የናፈቀሽን እንጀራም አብረን እንቆርሳለን። መፍቻ እንዳይመስልሽ። ሰኞም ትበዪዋለሽ።

የምትወድሽ አክስትሽ