የጠፋ ሕንጻ ወራሽ ማን ነው?

ከምድር ገጽ የጠፋ ታላቅ ሕንጻ ወራሹ ማን ነው? ያሠራው ንጉሥ ነውን? ድንጋዩን የጠረበው ባለሙያ ነውን? ወይስ ሁለቱንም በግብሩ የቀለበው ገበሬ? ጥያቄው አጅባርንና መካነ ሰላምን በሚያቅፈው፣ በመካከለኛው ዘመን የቤተ አምሐራ ምድር በነበረው በደቡብ ወሎ ደጋ ሲነሣ ክብደቱ ይጨምራል።

የዚያ ዘመን ነገሥታት ከነሠራዊታቸው ከአገር አገር የሚዘዋወሩ፣ በድንኳን የሚያድሩ ነበሩ። ስለዚህም ሀብታቸውንና ክብራቸውን በድንጋይ ያቆሙት በአብያተ ክርስቲያናት ነው። ከነዚህም አንዱ የቤተ አምሐራው መካነ ሥላሴ ነበር። ከ1487 እስከ 1500 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ናዖድ አስጀመሩት፤ ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል አስፈጸሙት። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ ሕንጻው ጽፏል። በ1524 ዓ.ም. የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሠራዊት ወርቁን ፈልቅቆ ሕንጻውን አቃጠለው።

ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ስለ መካነ ሥላሴ ውበት እጅግ ደምቆ የተጻፈው ምስክርነት የተገኘው ከኢማሙ ወገን ነው። ዐረብ ፈቂህ «ፉቱሕ አል ሐበሻ» በተባለው መጽሐፉ፣ ኢማሙ በሕንጻው ተደንቀው አምሳያው በሌላ አገር ይገኝ እንደ ሆነ አብረዋቸው የነበሩትን ዐረቦች እንደ ጠየቁ፣ እነርሱም አይተንም ሰምተንም አናውቅም እንዳሉ ይተርካል። ውበት በጠላትነት አጥር እንደማይገታ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ይሁን እንጂ አድናቆት ዋጋውን ሊያስረሳን አይገባም። የነገሥታት አድባራት ይተዳደሩ የነበረው በጉልት ነው። ጉልት በመሬቱ ላይ ከሚኖረው ገበሬ ግብርና የጉልበት አገልግሎት የመቀበል መብት ነበር። ይህ ሥርዓት በሕግ የተሻረው በ1958 ዓ.ም. ሲሆን፣ የባለመሬትና የጭሰኛ ግንኙነት ያበቃው ደግሞ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ነው። እንግዲህ እሳቱ ውበቱን በአንድ ቀን አጠፋ፤ ሸክሙ ግን ከገበሬው ጫንቃ እስኪወርድ ከአራት መቶ ዓመታት በላይ ፈጀ።

«በግብር የተሠራ ከሆነ ቢጠፋ ምን ይቆጨናል?» የሚሉ ይኖራሉ። እንዲህ ያለው ፍርድ የሠሪውን እጅ ድካም ዳግመኛ መዝረፍ ነው። በአንጻሩ ለወርቁ ብቻ የሚያለቅስም ሚዛኑ ከዘራፊው ሚዛን አይለይም። ጥበብ በእጅና በአእምሮ ስለሚኖር ከሕንጻው ጋር አልተቃጠለም። ከጦርነቱ በኋላ የልብነ ድንግል ልጅ ዐፄ ገላውዴዎስ በዚሁ በሳይንት ምድር ተድባበ ማርያምን እንዳሳነጹ ዜና መዋዕላቸው ይናገራል።

በመሆኑም የመካነ ሥላሴ ወራሽ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ በአንድ ገበያ እየተገናኘና እየተጋባ የኖረው የወሎ ሕዝብ ነው። ወራሽነቱ ግን ግዴታ አለበት። መምህሩ ለተማሪው፣ ሠዓሊው ለተመልካቹ ስለዚያ ሕንጻ ሲያወሳ የንጉሡን ስም ጠርቶ የጠራቢውን እጅና የገበሬውን ቁና ቢዘነጋ፣ ከእሳት የተረፈውን በዝምታ ያጠፋዋል።