አንድ ጡት የጠቡ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ዳር ሁለት ቤተሰቦች አጥር ለአጥር ተዋስነው ይኖሩ ነበር። አንዱ ቤት ሙስሊም፣ አንዱ ቤት ክርስቲያን ነው። በወሎ ወግ በዒድም በፋሲካም አንዱ ሌላውን ሳይጠራ አይውልም። በአንድ ሰሞን በሁለቱም ቤት ወንድ ልጅ ተወለደ። የክርስቲያኗ ወተት አልወርድ ሲል ሙስሊሟ ጎረቤቷ ሁለቱን ሕጻናት በግራና በቀኝ ይዛ አጠባች። ልጆቹ አብረው ዳዴ አሉ፤ አብረው ከብት ጠበቁ፤ ለትምህርት ሲደርሱም አንድ ክፍል ገቡ።

በ2008 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ጊዜ፣ ልጆቹ መንገድ ዳር በለስ ይሸጡ ነበር። አንዱ ለቅሞ ያመጣል፤ ሌላው ልጦ፣ መኪና ሲቆም ለተሳፋሪ ያቀብላል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በ20 ብር ተጣሉ። ጠቡ ከስድብ ወደ ግፊያ፣ ከግፊያ ወደ ቢላዋ ሄደ። ሙስሊሟ የወለደችው ልጅ ተወግቶ ወደቀ፤ ደሴ ሐኪም ቤት ሳይደርስም ነፍሱ ወጣች። የወጋው ከጡቷ ያደገው የጎረቤቷ ልጅ ነበር።

ሰዎቹን ለምሳሌ ብዬ የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ። የሚዳኙበት ሕግ ግን ዛሬ የምንተዳደርበት ሕግ ነው።

ልጁን ፖሊስ ያዘው። ወላጆቹ በዚያው ሌሊት ቤታቸውን ዘግተው ኩታበር ወዳሉ ዘመዶቻቸው ሸሹ። ደም ሲፈስ የሰው ፊት ማየት ከባድ ነውና። ሣልስቱ እንዳለፈ አበጋር የሚባሉት የአገሩ አስታራቂ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ሼኹ ዱዓ አደረጉ፤ ቄሱም ጸለዩ። ደሙ ወደ ሌላ ቤት እንዳይሻገር ሁለቱን ወገን በቃል አሰሩ።

የሟች አጎት ተነሣ። የተከበረ፣ ቃሉ የሚሰማ ሰው ነበር።

«አባቶቼ፣ ደም በደም አልልም። ቂምም አልያዝኩም። ግን የወንድሜ ልጅ ግማሽ ሞት አልሞተም፤ ሙሉ ነው የሞተው። ቢላዋው ዕድሜ አልጠየቀም። የትልቅ ሰው ሥራ የሠራ እንደ ትልቅ ሰው ይቀጣ።»

ከተቀመጡት መካከል ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህን ንግግር የምትሰማ እናት ሁሉ ልጇን ታስባለች፤ ልጁ ለሞተበት ሰው ደግሞ ከዚህ ያነሰ ፍትሕ ስድብ ይሆንበታል።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጡረታ የወጣ መምህር ነበር። «በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ የ14 ዓመት ልጅ ጠልፎ የደፈራትን ሰው ተኩሳ ገደለች» አለ። «በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። ያኔ መዓዛ አሸናፊ የሚመሩት የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቆች ቆሙላት። ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። ‹ገደለች› ብቻ ተብሎ ቢቀር ኖሮ ያች ልጅ የት ትደርስ ነበር?»

አጎትየው ወዲያው መለሰ። «እሷ ነፍሷን ለማትረፍ ነው። ይህ ግን በ20 ብር ነው። ሁለቱን አንድ አታድርጋቸው።»

«እውነት ብለሃል፤ አንድ አይደሉም» አለ መምህሩ። «አንድ አለመሆናቸውን ያወቅነው ግን የእሷን ነገር የጠየቀ ሰው ስለነበረ ነው። ይህን ልጅ እስካሁን ማን ጠየቀው?»

ለዚህ መልስ የሰጠ አልነበረም። የሟች እናት ከሴቶቹ ጋር ጥግ ላይ ተቀምጣ ይህን ሰማች።

ነገሩ ደሴ ችሎት ሲደርስ ጥያቄው አንድ ሆነ፦ ልጁ ስንት ዓመቱ ነው? በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ዕድሜን በደረጃ ይለያል። 9 ዓመት ያልሞላው ሕጻን በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ወጣት ጥፋተኛ በአዋቂ ቅጣት አይቀጣም፤ ከአዋቂ ወንጀለኞች ጋርም አይታሰርም። ጥፋቱ ከባድ ሲሆን ወደ ጠባይ ማረሚያ ተቋም ሊላክ፣ ወይም ከ10 ዓመት በማይበልጥ እስራት ሊቀጣ ይችላል። 15 አልፎ 18 ያልሞላው ግን በመደበኛው ሕግ ይዳኛል። ዳኛው ዕድሜውን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል፤ የሞት ፍርድም አይፈረድበትም። ከዚያ በቀር የተከሰሰበት አንቀጽ የአዋቂ አንቀጽ ነው። ተራ የሰው ግድያ ደግሞ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል።

ልጁ የልደት ምስክር ወረቀት አልነበረውም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በዚያው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነው፤ እሱ ሲወለድ ማንም አልመዘገበውም። አባቱ «13 ዓመቱ ነው» አለ። አጎትየው «17 ነው፤ ጢሙን አላያችሁም?» አለ። ሐኪሞች አጥንቱን በራጅ አይተው «ከ15 እስከ 17 ይሆናል» ብለው ጻፉ። አባት ለልጁ፣ አጎት ለሟቹ ሲል ሁለቱም ከሚያውቁት ርቀው ተናገሩ። እውነቱን ሳታዛባ ልትናገር የምትችል አንዲት ሴት ብቻ ቀረች። እሷም የሟች እናት ናት።

ከቀጠሮው በፊት በነበረው ሌሊት አጎትየው ቤቷ መጣ። «ዋሺ አልልሽም» አላት። «ዝም በይ ብቻ። ዝም ካልሽ የሐኪሙ ወረቀት ይበቃል።»

የወጣቶች ጉዳይ በዝግ ስለሚታይ ነገሩ የተሰማው በዳኛው ጽሕፈት ቤት ነው። ሴትዮዋ ነጠላዋን አጣፍታ ገባች። ልጁ ከግድግዳው ተጠግቶ ተቀምጦ ነበር፤ ቀና ብሎ አላያትም።

«ክቡር ዳኛ፣ የኔ ልጅ የተወለደው ረመዳን በገባ በአምስተኛው ቀን ነው» አለች። «ይህኛው ደግሞ በኅዳር ሚካኤል ማግስት። በመካከላቸው ሁለት ሌሊት እንኳ አልሞላም። እኔ አራስ ሆኜ ነው ሁለቱንም ያጠባሁት። ዓመተ ምሕረቱን አላውቅም። ረመዳንና ሚካኤል በአንድ ሳምንት የዋሉበትን ዓመት የሚያውቅ ይቁጠርልኝ።»

ዳኛው ሼኹንና ቄሱን ለምስክርነት አስጠሩ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው በጣታቸው ቆጠሩ። ረመዳን በየዓመቱ ወደ ኋላ አሥራ አንድ ቀን ያህል ይሸሻል። በ1993 ዓ.ም. የገባው ሚካኤል ካለፈ በኋላ፣ ኅዳር 18 ገደማ ነው። በ1995 ዓ.ም. የገባው ገና ጥቅምት ሳያልቅ ነው። ረመዳን ገብቶ ሳምንት ሳይሞላው የሚካኤል ዕለት፣ ኅዳር 12፣ የዋለው በ1994 ዓ.ም. ብቻ ነው። እንግዲህ ልጁ ቢላዋ ባነሣበት ነሐሴ ገና 14 ዓመት ከዘጠኝ ወር ገደማ ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት ቢወለድ ኖሮ በአዋቂ አንቀጽ ይዳኝ ነበር።

ዳኛው ጽፈው ሲጨርሱ «ሌላ የምትይው አለ?» ብለው ጠየቋት።

«አለኝ። ልጄን ሲቀብሩት ‹ሕጻን ነው፤ ከኃጢአት የነጻ ነው› ብለው አጽናኑኝ። የኔን ሕጻን ብላችሁ ከቀበራችሁት በኋላ፣ በሁለት ሌሊት የሚያንሰውን ትልቅ ሰው ነው ብላችሁ ልታስሩት አይሆንም። ግን ልቀቁት አላልኩም። ልጁ ምን እንዳደረገ አላወቀም። ሳያውቀው ቢረሳው ልጄ ሁለተኛ ሞተ ማለት ነው።»

ፍርድ ቤቱ ልጁ አዲስ አበባ ወደሚገኘው የጠባይ ማረሚያ ተቋም እንዲገባ ወሰነ። ለረጅም ዘመን ለልጆች ተብሎ የሚታወቀው ማረሚያ ይኸው አንዱ ነበር፤ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አበጋሮቹ በበኩላቸው የደም ካሳውን ሊቆርጡ ተቀመጡ። ከብት ይሁን ገንዘብ ሲባባሉ እናትየው ቃሏን ላከች፦ «ከብት አልፈልግም። በዓመት አንድ ጊዜ አዲስ አበባ የሚያደርሰኝንና የሚመልሰኝን መሳፈሪያ ይክፈሉልኝ። ልጁ እየወጣ ያነጋግረኝ። ሌላ ካሳ የለኝም።» ሽማግሌዎቹ እንዲህ ያለ ካሳ ሰምተው አያውቁም ነበር፤ ግን አጸኑት።

በመጀመሪያው ዓመት በከሚሴ፣ በሸዋ ሮቢት፣ በደብረ ብርሃን አድርጋ ደረሰች። ልጁ መጥቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው፦ «ልጄን ምን አደረግኸው?»

«እትዬ፣ የጀመረው እሱ ነው። ገንዘቤን ወሰደብኝ፤ ሰደበኝ» አለ።

ተነሥታ ሄደች። ሌላ ቃል አልተናገረችም።

በሁለተኛው ዓመት ልጁ አድጓል፤ ድምፁም ጎርንኗል። ያንኑ ጠየቀችው። «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» አለ፤ አለቀሰም።

«ሰይጣንን አላጠባሁም» አለችው። «ያጠባሁት አንተን ነው። አንተን ነው የምጠይቀው።» አሁንም ተነሥታ ሄደች።

በሦስተኛው ዓመት አጎትየው «እኔም ልስማው» ብሎ አብሯት ተሳፈረ። ልጁ ያኔ 17 ዓመቱ ነበር። ጥያቄዋን ከመጠየቋ በፊት እሱ ጀመረ።

«ቢላዋው በእጄ አልነበረም። ያን ቀን በለሱ አልቆ ቢላዋውን ቤት አስቀምጬው ነበር። ከተጣላን በኋላ ዳገቱን ወጥቼ አመጣሁት። ስወጣም፣ ስወርድም ጊዜ ነበረኝ። ሦስት ቦታ ላይ ቆሜ መመለስ እችል ነበር። አልተመለስኩም። ልጅሽን የገደልኩት እኔ ነኝ። እሱ ሲያየኝ ለመታረቅ የመጣሁ መስሎት ሳቀልኝ።»

ይህን በችሎት የመሰከረ አልነበረም። የፖሊስ መዝገብ የሚለው «በእጁ በነበረ ቢላዋ» ነው። እናትየው ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ረጅም ጊዜ ተቀመጠች። በዚያ ቀን ግን ተነሥታ አልሄደችም።

በመልሱ ጉዞ አውቶቡሱ ጣርማ በርን ሲያልፍ አጎትየው ተናገረ። «ይህን ያኔ ብሰማ ኖሮ በቁሙ ይቅበሩት ብዬ እጮህ ነበር።»

«ያኔ እሱም አያውቀውም ነበር» አለችው። «ዳገቱን የወጣው በእግሩ ነው፤ መውጣቱን ያወቀው ግን አሁን ነው።»

«ታዲያ ሦስት ዓመት ለአንድ ነፍስ ይበቃል?»

«አይበቃም። ሃያ ዓመትም አይበቃም። ግን ከትልልቆቹ ጋር ታስሮ ቢሆን ኖሮ የሚማረው ምን ብሎ እንደሚክድ ነበር። ማንም የማያውቀውን እውነት በገዛ አፉ አምጥቶ አይሰጠኝም ነበር።»

አጎትየው መልስ አላገኘም፤ መረታቱንም አላመነም። ልጁ 18 ሞልቶት ሲወጣ ግን የአበጋሩ እርቅ ላይ መጥቶ ቆመ፤ ደሙም ደረቀ። እናትየው ደግሞ ለሽማግሌዎቹ እንዲህ አለች፦ «ይቅር ብያለሁ። ቤቴ ግን ገና አይምጣ። ስጠራው ይምጣ።» ሽማግሌዎቹም ይህን መብቷን አከበሩላት።

የምሳሌው ፍቺ ይህ ነው። ልጅ ነፍስ ሲያጠፋ ሁለት ስንፍናዎች ይፈትኑናል። አንደኛው «ልጅ ነው፤ ተውት» ይላል። ይህ ሟቹን ይበድላል፤ ገዳዩንም ሥራው እንደማይቆጠር አድርጎ ያሳድገዋል። ሁለተኛው «የትልቅ ሰው ሥራ ሠርቷል፤ እንደ ትልቅ ሰው ይቀጣ» ይላል። ይህኛው ጽኑ ፍትሕ ይመስላል፤ ግን ልጁን ከዓይናችን አርቆ፣ ከተካኑ ወንጀለኞች መካከል ጥሎ፣ የሚጠይቀው ሰው የሚያሳጣው ነው። ሁለቱም የሚያመልጡት ከአንድ ድካም ነው፤ ልጁ ያደረገውን እስኪያውቅ ድረስ እየተመላለሱ ከመጠየቅ።

የሕግ ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕጻናት መብቶች ኮንቬንሽን 18 ዓመት ባልሞላው ላይ የሞት ቅጣትንና የመፈታት ተስፋ የሌለውን የዕድሜ ልክ እስራት ይከለክላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ወጣት ጥፋተኞች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ያዛል። አሜሪካ እንኳ 18 ሳይሞላቸው በገደሉ ልጆች ላይ የሞት ፍርድን ጨርሶ የከለከለችው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ እኛ በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ዕድሜን ከለየን ከብዙ ዘመን በኋላ።

እንግዲህ የሚጎድለን ሕጉ አይደለም። የሚጎድለን ሕጉ የሚፈጸምበት ቦታና ሰው ነው። 15 ያልሞላው ልጅ ዕድሜው በጢሙ እንዳይገመት፣ የተወለደ ሁሉ ይመዝገብ። ወጣት ጥፋተኛ የሚታረምበት ቤት 400 ኪሎ ሜትር ርቆ ሳይሆን በየዞኑ፣ እናት በአንድ ቀን ደርሳ በምትመለስበት ስፍራ ይሠራ። 15 ያለፉትም ቢሆኑ ዳኛው ሊያቀልላቸው «ይችላል» በሚል ቃል ብቻ አይተዉ፤ ስለ እያንዳንዳቸው የሚያጣራና የሚጠይቅ ባለሙያ ችሎቱ አጠገብ ይኑር። አበጋሮችም ካሳ ሲቆርጡ ለከብቱ ቁጥር ብቻ ሳይሆን፣ ልጁን እየሄደ ለሚጠይቀው ሰው መንገድ ይቁረጡ።

ልጅን እንደ ልጅ መቅጣት ማለት ቅጣቱን ማቅለል አይደለም። አንድ ትልቅ ሰው ዓመታትን ሰጥቶ እውነቱን ሲጠይቀው መኖር ለልጁ ከማንኛውም ግንብ የከበደ ነው፤ ለጠያቂውም እንዲሁ። ይህን ክብደት ለመሸከም ፈቃደኛ ያልሆነ አገር «እንደ ትልቅ ሰው ይቀጣ» ሲል፣ ቅጣቱን በልጁ ላይ ጭኖ ከራሱ ድርሻ መሸሹ ነው።