ለልጅ ቦታ የሚከፈል ቀብድ ማንን ያስራል?

በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም መንደሮች በገዛ ቤታቸው የሰው ልጅ ተቀብለው የሚውሉ እናቶች በርክተዋል። ጧት አንድ ሰዓት ላይ ወላጅ ልጁን ከነምግቡና ከነቅያሪ ልብሱ አስረክቦ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ተመልሶ ይረከባል። ቀድሞ ነገሩ በጉርብትናና በዝምድና የሚሠራ ስለነበር በክፍያው ላይ አፍ አውጥቶ የሚነጋገር አልነበረም፤ ወር ሲሞላ የተገኘው ይሰጣል፣ የተሰጠው ይወሰዳል። ዛሬ ግን አዲስ ልጅ ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ ገና በሩ ላይ «የመጀመሪያው ወር በቅድሚያ ይከፈል፣ ቦታ ለመያዝም ቀብድ ያስፈልጋል» ይባላል። በዚህም የተነሳ ቅሬታው ብዙ ነው።

ቅሬታውን ሳዳምጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀው አገኛቸዋለሁ። አንደኛው ወገን «ልጅ በግ ነው እንዴ ቀብድ የሚያዝበት?» ይላል። ሌላው «ሙስሊም ለሙስሊም ቃሉ አይበቃምን?» ሲል ይጠይቃል። ሦስተኛው ደግሞ ጠንከር ብሎ «ቀብድ መብላት ሐራም ነው» ይላል። በእኔ አስተያየት ልጅ የምትይዝ እናት ከአዲስ ቤተሰብ ቀብድ መጠየቋ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ወላጁን ብቻ አስሮ እርሷን የማያስር ቀብድ ስሙ ሌላ ነው፤ ዛሬ በየሰፈሩ የሚሠራበት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይኸኛው ነው።

በመጀመሪያ ስለ በጉ ነገር። ልጅን መያዝ የፍቅር ሥራ ስለሆነ ገንዘብ ቀድሞ ሊነሳበት አይገባም የሚለው ስሜት ከኢስላም የመጣ አይደለም። በሱረቱ-ጦላቅ ስድስተኛው አንቀጽ ላይ የተፈታች ሴት ከባሏ የወለደችውን ልጅ ብታጠባ እንኳ ክፍያዋ እንዲሰጣት፣ በጉዳዩም ሁለቱ ወገኖች በመልካም ሁኔታ እንዲመካከሩ ታዟል። የገዛ ልጇን ለምታጠባ እናት ዋጋ የተቆረጠላት ከሆነ የሰው ልጅ ለምትይዝ ሴትማ ምን ጥያቄ አለው? ሲራን ያነበበ ሁሉ እንደሚያውቀውም የበኒ ሰዕድ ሴቶች የሚያጠቡት ሕፃን ፍለጋ መካ በገቡ ጊዜ የቲሙን ሙሐመድን (ሰ.ዐ.ወ.) ለመውሰድ ያመነቱት ክፍያ የሚጠበቀው ከአባት ስለነበረ ነው። ሐሊማም (ረ.ዐ.) ራሷ መጀመሪያ ላይ አመንትታ በኋላ ባዶ እጇን ላለመመለስ ወሰደችው። የሲራ ጸሐፊዎች ይህን ሲተርኩ እነዚያን ሴቶች ፍቅር የለሽ አላሏቸውም። ድሆች ነበሩ፤ ሥራቸው ነበር።

«ቃል አይበቃምን?» ለሚለውም መልሱ እዚያው ቁርኣን ውስጥ አለ። የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ የበቀራው 282ኛ፣ ስለ ብድር መጻፍና ስለ ምስክር ነው። የመጀመሪያዎቹ አድማጮቹ ሶሓቦች ነበሩ፤ ከእነርሱ የበለጠ ሊታመን የሚችል ማን ነበር? ገንዘብን በጽሑፍና በማረጋገጫ ማሰር የአለመተማመን ምልክት ቢሆን ኖሮ ለእነርሱ ባልታዘዘ ነበር።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ቤቴል አካባቢ የምትኖር፣ በዚህ ሥራ ላይ ስድስት ዓመት የቆየች አንዲት እህት ያጫወተችኝን ላካፍላችሁ። ከአራት ሕፃናት በላይ አትይዝም፤ ክፍሏ አንድ ነው፣ እጇም ሁለት ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር መጥታ «ስወልድና ፈቃዴ ሲያልቅ ላንቺ አመጣዋለሁ፣ ቦታውን ያዢልኝ፣ አደራ!» አለቻት። እርሷም እሺ ብላ ያዘች። በመሀሉ ሁለት ቤተሰቦች መጥተው ቦታ የለም ተብለው ተመለሱ። ቀኑ ሲደርስ ለካስ የሕፃኑ አያት ከደሴ መጥተው ልጁን ሊይዙ ወስነዋል! ማንም ደውሎ አልነገራትም። ሳምንት ጠብቃ ራሷ ስትደውል ነው የሰማችው። ያ አራተኛ ቦታ በጠቅላላው ሁለት ወር ያህል ባዶ ዋለ። ከአራት አንድ ማለት የገቢዋ ሩብ ነው፤ የቤት ኪራዩን ግን ሩቡን የቀነሰላት አከራይ የለም።

አያትየው መምጣታቸው ደስ የሚል ነገር ነው፤ ለሕፃኑም ከአያት የተሻለ የለም። ግን ደስታው የአንዱ ቤት ሆኖ ኪሳራው ለምን የሌላው ቤት ይሆናል? እናትየዋ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ በአፏ የሰጠችው ቃል የሌላ ሰው እንጀራ መሆኑን አላሰበችውም።

ከዚህ የከፋም አለ። ቃል ተሰጥቷት የምትቀርባት ልጅ ያዥ ከጊዜ ብዛት ብልሃት ትማራለች። ያላት ቦታ አራት ሆኖ ሳለ ለስድስትና ለሰባት ሰው እሺ ትላለች፤ ግማሹ ይቀራል ብላ። ታዲያ አንድ ወር ላይ ሁሉም የመጡ እንደሆነ ሰባት ሕፃን በአንዲት ክፍል ይታጨቃል፤ አንዱን ስታጥብ ሌላው ከአልጋ ይወድቃል። ቀብድን የሚጠሉ ወላጆች ይህን ቢያስቡት መልካም ነው። ቦታው በትንሽ ገንዘብ የታሰረላት ሴት ልጅ የምታጭቅበት ምክንያት ይቀንስላታል።

ይህን ካልኩ ዘንድ ከባዱን ጥያቄ ማለፍ አልችልም። ቀብድ በሸሪዓ ምን ይባላል? እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን ወር ክፍያ በቅድሚያ መቀበል ቀብድ አይደለም፤ የሥራ ዋጋን አስቀድሞ መክፈል ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ ዘንድ የክፍያው ጊዜ ሳይወሰን የተዋዋሉ እንደሆነ ክፍያው በውሉ ይገባል፤ ሀነፊዮች ደግሞ ሥራው እየተሠራ ሲሄድ ወይም በቅድሚያ ይከፈል ብለው ሲስማሙ ነው ይላሉ። በሁለቱም መንገድ ተስማምቶ አስቀድሞ መክፈል የሚያጨቃጭቅ አይደለም።

ቀብድ ግን በፊቅህ መጻሕፍት «ዑርቡን» ተብሎ የሚታወቀው ነው። (የኢንሹራንስ ድርጅቶቻችን «አረቦን» የሚሉት ቃል የዚሁ ዘመድ ነው።) ገዥው ጥቂት ገንዘብ ይሰጣል፤ ዕቃውን ከወሰደ ከዋጋው ይታሰብለታል፣ ከተወው ግን ገንዘቡ ለሻጩ ይቀራል። ሀነፊዮች፣ ማሊኪዮችና ሻፊዒዮች ይህን አልፈቀዱም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንደከለከሉት የሚገልጽ ሐዲስ በኢማም ማሊክ ሙወጦእ ውስጥ አለ፤ ከዚያም ሌላ ሻጩ ምንም ሳይሰጥ የሰው ገንዘብ ይበላል የሚል ሥጋት አላቸው። ኢማም አሕመድ ግን የሐዲሱ ሰንሰለት ደካማ መሆኑን አይተው ፈቅደዋል። የዑመር (ረ.ዐ.) የመካ ሹም የነበረው ናፊዕ ቢን ዐብዱልሓሪስ ለእስር ቤት የሚሆን ቤት ከሶፍዋን ቢን ኡመያ ሲገዛ «ዑመር ከተስማማ ሽያጩ ይጸናል፤ ካልተስማማ ለሶፍዋን 400 ይሰጠዋል» በሚል ውል እንደነበር የተላለፈውን ዘገባም ማስረጃ አድርገዋል። በዘመናችን ጂዳ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1985 (እ.ኤ.አ. 1993) ብሩናይ ላይ ባደረገው ስምንተኛ ጉባኤ የመጠባበቂያው ጊዜ በገደብ እስከተወሰነ ድረስ ዑርቡን እንደሚፈቀድ ወስኗል፤ ኪራይንና የሥራ ውልንም እንደ ጥቅም ሽያጭ ቆጥሮ በዚሁ አስገብቷቸዋል።

እኔ ሙፍቲ አይደለሁም። የሻፊዒይን መዝሀብ ይዞ ከቀብድ የሚርቅ ወንድም ቢኖር መብቱ ነው፤ ቦታውን በሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ ካስያዘበት ቀን ጀምሮ ክፍያውን በመክፈል ሊያጸናው ይችላል። ነገር ግን ሁለቱንም ወገን ስናነብ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። የከለከሉትም የፈቀዱትም የሚጠይቁት «በገንዘቡ ምትክ ምን ተሰጠ?» እያሉ ነው። ያቺ የቤቴል እህት ምን እንደሰጠች አይተናል፤ ሁለት ቤተሰብ መልሳለች፣ ሁለት ወር ጠብቃለች። ምንም ያልመለሰች፣ ምንም ያልጠበቀች ሴት ግን በምን ትወስዳለች?

ለዚህም ነው «ምዝገባ» ወይም «ተጠባባቂ» እየተባለ የሚሰበሰበው የማይመለስ ገንዘብ የማይዋጥልኝ። ባለፈው ዓመት ለልጄ ማቆያ ስፈልግ አንድ ቦታ «ለተጠባባቂ ዝርዝር» ብለው ገንዘብ ጠየቁኝ። ስንተኛ ነኝ ብል የሚመልስ የለም፤ ቦታ መቼ ሊለቀቅ ይችላል ብል የሚያውቅ የለም፤ ቦታው ባይገኝስ ብል «ገንዘቡ አይመለስም» አሉኝ። ለምን ያህል ቤተሰብ ይህንኑ እንደሸጡ የሚያውቁት እነርሱና አላህ (ሱ.ወ.) ብቻ ናቸው። ጊዜ አልተወሰነም፣ ቦታ አልተያዘም፣ ማንም በእኔ ምክንያት አልተመለሰም። አልከፈልኩም፤ ወጣሁ። ይህን ከቀብድ ጋር አንድ አድርጎ መጥራት ለቀብድ ስም ማጥፋት ነው።

የአገራችን ሕግም በዚህ ላይ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ስለ ቀብድ ይናገራል። ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው፤ ውሉ ሲፈጸም ይመለሳል ወይም ከዋጋው ይታሰባል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ሰጪው ቢተው ቀብዱን ያጣል። እስከዚህ ያለውን ሁሉም ሰው ያውቃል። ቀጥሎ ያለውን ግን የሚያነሳ አላጋጠመኝም። ተቀባዩ ውሉን ቢተው የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል! እንግዲህ ቀብድ ተቀብላ፣ ኋላ የተሻለ የሚከፍል ቤተሰብ ሲመጣ «ይቅርታ፣ ቦታው ተይዟል» የምትል ልጅ ያዥ የወሰደችውን መመለሷ ብቻ አይበቃም። እናትየዋ በነጋታው ሥራ የምትገባ ሆና ልጇን ይዛ መንገድ ላይ ቀርታለችና። እጥፉን መቀበል የሚከብደው ሙስሊም ሊተወው ይችላል፤ ሕጉ ግን ገመዱን በሁለቱም ጫፍ ማሰሩን ማወቅ ይገባናል። ከፋዮች ይህን ሳያውቁ ይከፍላሉ፤ ተቀባዮችም ሳያውቁ ይቀበላሉ።

ወላጆችንም መስማት ያስፈልጋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣታል። ስለዚህ ሥራ የምትመለሰው ልጁ አራት ወር ሲሆነው፣ አንዳንዴም ሳይሞላው ነው። የሐኪም ቤቱ፣ የአራስ ቤቱ፣ የዐቂቃው ወጪ ገና አልተሸፈነም። በዚህ ላይ የአንድ ወር ቅድሚያና የአንድ ወር ቀብድ በአንድ ቀን አምጪ ማለት ከሥራሽ ቅሪ ከማለት አይለይም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ለቤት እንኳ የቅድሚያ ክፍያውን ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ገድቦታል። በእኔ ግምት ለልጅ ቦታ የሚጠየቅ ቀብድ ከግማሽ ወር ክፍያ ማለፍ የለበትም፤ የሚጠበቅበትም ቀን በወረቀት ተጽፎ ሁለቱም ይፈርሙበት፤ ልጁ ሲገባ ከመጀመሪያው ወር ይቀነስ።

አንድ ነገር ደግሞ ከዕቃ ሽያጭ ፈጽሞ ይለያል። ልጁ ራሱ እንቢ ሊል ይችላል። ከእናቱ ጉያ ወጥቶ የማያውቅ ሕፃን ሳምንት ሙሉ አልቅሶ፣ ጡጦ አልቀበል ብሎ፣ ከስቶ ሲመለስ አባትየው ቢያስቀረው ውል አፈረሰ ልንለው ነውን? አይመስለኝም። የመጀመሪያዎቹን አሥር ቀናት የመለማመጃ አድርጎ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ልጁ ካልተስማማ ወይም ከታመመ የተዋለበትን ቀን ብቻ አስቦ ቀሪውን ከነቀብዱ መመለስ ለሁለቱም የሚቀል ነው። ያቺ የቤቴል እህት ከአያትየው ነገር በኋላ ቀብድ መቀበል ጀምራለች፤ ልጁ እንቢ ብሎ ለሄደ ቤተሰብ ግን ትመልሳለች። ለምን ብዬ ብጠይቃት «ወንድሜ፣ እሱማ ቃል አልሰጠኝ» አለችኝ።

ግማሽ ወሩም የሚከብዳት እናት አለች። የእርሷን ሸክም ደግሞ ከእርሷ በማትሻል ልጅ ያዥ ጫንቃ ላይ መጣል ፍትሕ አይሆንም። እዚህ ላይ ጀመዓው ሊገባበት ይችላል። የምንፈልገው ሰደቃ አይደለም፤ ቀርዱል ሐሰን ነው። ገንዘቡ ልጁ ሲገባ ከመጀመሪያው ወር ስለሚቀነስ እናትየዋ ያንኑ ያህል ከመጀመሪያ ደመወዟ ለመመለስ አይከብዳትም፤ የተመለሰውም ለቀጣይዋ ይሰጣል። በረመዷን ለአንድ ማታ ኢፍጣር የምናዋጣውን ያህል በአንድ ሰፈር ለጥቂት እናቶች ቢመደብ ዓመቱን ሙሉ ይዞራል። የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና በሴቶቹ በኩል የምትታመን አንዲት ሒሳብ ያዥ ናት።